ስድስቱን ጉብኝት አርባ ብዬ አልፈርምም

ልጄ የተግባር ልምምድ ወረቀቷን ወፍጮ ቤት ድረስ ይዛ የመጣችው ሞተሩ እየጮኸ ሳለ ነው። አስባበት ነው። በዚያ ጩኸት መካከል ሰው አያነብም፣ አይጠይቅም፤ ዝም ብሎ ይፈርማል። እኔ ግን ሞተሩን አጠፋሁት። ወረፋ የያዙት ሴቶች አጉረመረሙ። መነጽሬን አድርጌ ወረቀቱን ከላይ እስከ ታች አነበብሁት። «አርባ የቤት ለቤት ጉብኝት አከናውናለች» ይላል።

«የሄድሽው ስድስት ጊዜ ነው» አልኋት።

«አባ፣ ሁሉም እንዲህ ነው የሚያስሞላው። ዛሬ ካልገባ ከጓደኞቼ ጋር አልመረቅም። ካልተመረቅሁ የወጣው የሥራ ቦታ ያልፈኛል።»

እውነቷን ነው። ከሚሴ ላይ ለማኅበራዊ ሥራ ባለሙያ አንድ ክፍት ቦታ ተለጥፎ ነበር፤ ምዝገባው በዚያ ሳምንት ያበቃል። ፊርማዬን ካገኘች ትወዳደራለች፣ ካላገኘች ቤት ትቀመጣለች።

የእኔ ፊርማ ለምን እንዳስፈለገ ልናገር። እኔ ትምህርት ቤት አልገባሁም። ፊደል የለየሁት እዚሁ ወፍጮ ቤት፣ በማዳበሪያ ከረጢት ላይ የተጻፈውን ሰው እየጠየቅሁ ነው። ከዚያ ወዲህ ግን እጄ የገባውን ጽሑፍ ሁሉ አንብቤአለሁ። ከጨፋ ማሽላ ይዘው የሚመጡ ሴቶች ተራ እስኪደርሳቸው ችግራቸውን ያወሩኛል፤ በዚህ ምክንያት ቀበሌው የችግረኞች ድጋፍ ኮሚቴ ሰብሳቢ አደረገኝ። ልጄ ቅዳሜና እሑድ የምትማርበት ኮሌጅ ደግሞ ተማሪ የሚቆጣጠር ባለሙያ የለውም። ስለዚህ እንደኔ ያለውን የኮሚቴ ሰው «የመስክ ተቆጣጣሪ» ብሎ መዘገበ። ምን እንደምቆጣጠር አንድ ቀን እንኳ ጠርቶ አልነገረኝም። ማኅተም ያለበት ደብዳቤ ሰጠኝ፣ እኔም ኮራሁ። ከልጄ በፊት ለአራት ተማሪዎች ፈርሜአለሁ። አንዳቸውንም ሲሠሩ አላየሁም። የአንዱን መልኩን እንኳ አላስታውሰውም።

በዚያው ጊዜ ስለ ማኅበራዊ ሥራ ሙያ አዳራሽ ውስጥ ተሰብስበን ነበር። አንድ ወጣት ባለሙያ ከፊታችን ቆሞ ረቂቅ አነበበልን፤ ከእንግዲህ የተማሪን ልምምድ የሚቆጣጠረው በሙያው የሠለጠነ ሰው ብቻ ይሁን፣ ተመራቂም የብቃት ምዘና ሳያልፍ የሰው ቤት አይግባ የሚል ነው። ተነሣሁና «ችግረኛ መርዳት ዲግሪ አይፈልግም! አባቶቻችን ወላጅ የሌለውን የቲም ያሳደጉት የትኛው ኮሌጅ ተምረው ነው?» ብዬ ጮህሁ። አዳራሹ አጨበጨበልኝ። ወጣቱ ወረቀቱን አጥፎ ተቀመጠ።

ከልጄ ስድስት ጉብኝቶች አንዱን አብሬ ሄጄ አይቻለሁ። ወደ ቦርከና ወንዝ መውረጃ የምትኖር አንዲት ሴት ቤት ነው። ሴትዮዋ ከዓረብ አገር የተመለሰች ልጅ አለቻት። ልጅቷ ስትሄድ ጤነኛ ነበረች፤ ስትመለስ አእምሮዋ ታውኳል። እናትዮዋ ሰው እንዳያይባት ጓዳ አስቀምጣ ታስታምማታለች። ይህን የነገረችኝ ወፍጮ ቤት፣ ጆሮዬ ሥር ጠጋ ብላ፣ እኔን አምና ነው።

ልጄ የኮሌጁ ስም የተጻፈበት ብጫ ሰደርያ ለብሳ፣ አራት ገጽ ቅጽ ይዛ ደጃፉ ላይ ቆመች። ሰደርያው ከሩቅ ይታያል፤ ጎረቤት ተሰበሰበ። እንዴት ናችሁ፣ ከብቱ እንዴት ነው፣ ዝናቡስ ሳትል ማንበብ ጀመረች። «በቤተሰቡ ውስጥ የአእምሮ ሕመም ያለበት አባል አለ ወይ?» ልጄ አፏን የፈታችው በኦሮምኛ ነው፤ ከእናቷ ጋር የምትጣላውም በኦሮምኛ ነው። ቅጹ ግን የተጻፈው በመሥሪያ ቤት አማርኛ ስለሆነ፣ በዚያው ጠየቀች።

«ሂን ቤኩ» አለች ሴትዮዋ። አላውቅም ማለቷ ነው።

ለሁለተኛው ጥያቄም ሂን ቤኩ። እስከ አራተኛው ገጽ ሂን ቤኩ። ጓዳ ውስጥ ልጅቷ ብቻዋን ስትስቅ ይሰማል። ልጄ እየሰማች በየመስመሩ «የለም» እያለች ሞላች።

በመንገድ ላይ አፌ እንዳመጣልኝ ሰደብኋት። «ሦስት ዓመት ሙሉ ምን ተማርሽ?» አልኋት።

«ቅጽ መሙላት» አለችኝ። «ሌላ ምን የተማርን መሰለህ? አስተማሪው ሃንድአውቱን ፎቶ ኮፒ ቤት ትቶልን ይሄዳል።»

ቀልድ አልነበረም።

የእሷን ጥፋት እኔ አስተካክላለሁ አልሁ። በዚያው ሳምንት ሐሙስ የሰፈራችን ሰው ለዱዓ ተሰበሰበ። በእኛ ዘንድ የተቸገረ ሰው ጉዳይ ለጀመዓው ይነገራል፤ ሁሉም እጁን ዘርግቶ አሚን ይልለታል። ተነሣሁና የሴትዮዋን ስም ጠርቼ፣ የልጅቷን ሕመም አንድ በአንድ ዘርዝሬ ዱዓ አስደረግሁ። አሚኑ ቤቱን ነቀነቀው። ያለቀሱም ነበሩ። የልጄ አራት ገጽ ያላደረገውን አንድ ዱዓ አደረገው ብዬ፣ ደረቴን ነፍቼ ወጣሁ።

ሰኞ ሴትዮዋ ወፍጮ ቤት መጣች። የተሸከመችውን ማሽላ አላወረደችም።

«አያ፣ አንቱን ለዱዓ ማን ላከዎ?» አለችኝ።

«ለደግ ነው እኮ። ሰው ሁሉ አሚን ብሎልሻል።»

«ከዓርብ ጀምሮ ደጄ ሰው ጠፍቶ አያውቅም። አንዷ ሩቃ የሚቀራ፣ በቁርአን የሚያክም ሰው ላምጣልሽ ትላለች። አንዷ እሳት ልጫር ብላ ገብታ ጓዳ ጓዳውን ታያለች። ነገ ልጄን አላህ ቢያሽርልኝ፣ አሚን ያለው ሰው ሁሉ ይረሳላታል?»

ማሽላዋን እንደተሸከመች ወደ ሌላ ወፍጮ ቤት ሄደች።

ልጄ ወረቀቱን ይዛ የመጣችው ይህ ከሆነ በኋላ ነው። አልፈርምም ስላት ፊቷ ተለዋወጠ።

«ለሰው ልጅ አራት ጊዜ ፈርመሃል። ለእኔ ሲሆን ነው ሐራም የሚሆነው?»

«ያኔም ሐራም ነበር።»

«አያ፣ ፈርሙላትና ሞተሩን አስነሡት!» አለች ከወረፋው አንዷ። «ልጆቼ የሚበሉት ዱቄት እንጂ ፊርማ አይደለም።» ሴቶቹ ሳቁ።

ልጄ አልሳቀችም። «ስለ ባለጉዳይ ምስጢር ሃንድአውቱ ላይ አንድ ገጽ ተኩል አለ አባ። እኔ ቅጹን ደጅ ላይ አነበብሁ፣ አጠፋሁ። ሴትዮዋ ግን ለእኔ አንዲት ቃል አላወጣችም። ሰፈሩ የሰማው ካንተ ነው።»

«ዱዓ ነው ያስደረግሁት!»

«አላህ ስሟን አያውቀውም ነበር?»

ሳቁ ቆመ። እጄ ልመታት ተነሥቶ ነበር፤ ወረቀቱ ላይ አሳረፍሁት።

መርፌ መውጋት ሳይማር የሚወጋ ሰው ብናገኝ ጎትተን ፖሊስ ጣቢያ እንወስደዋለን። የሰው ገመና የሚከፍተውን ግን ማን አስተማረህ ብለን አንጠይቀውም። ሰደርያ ከለበሰ ወይም ከሸመገለ ይበቃናል። ልጄን ያታለላት ኮሌጁ ነው፤ የሚሸጥላትን ትምህርት ራሱ አያውቀውም። እኔን ግን ያታለለኝ ማንም የለም። አላውቅም ማለት ስላፈርሁ ነው ተቆጣጣሪ የተባልሁት።

እስክሪብቶ አነሣሁና አርባውን ሰርዤ ስድስት አልሁ። ከሥሩ እንዲህ ብዬ ጻፍሁ፦ «ጉብኝቱን በደንብ ሠርታለች ወይም አልሠራችም ለማለት ትምህርቱ የለኝም። ከዚህ በፊት ለአራት ተማሪዎች የፈረምሁትም ሳላይ ነው።» ከዚህ በታች ፈረምሁ። ልጄ ወረቀቱን አልነካችውም። እኔው ወሰድሁት።

የኮሌጁ መዝጋቢ አነበበውና ሳቀ። «አባት፣ እዚህ ጋ የሚፈለገው ፊርማ ብቻ ነው። ሐተታ ማን ጠየቀዎት?» አዲስ ቅጽ ከመሳቢያ አወጣልኝ። «ልጅዎ አይደለችም እንዴ? አይጨክኑባት።»

«ልጄ ስለሆነች ነው ያነበብሁት» አልሁት። «የሰዎቹን ልጆች አላነበብሁላቸውም።»

ሳቁ ቀረ። ከተቆጣጣሪዎች ዝርዝር ውስጥ ስሜን ሲሰርዝ እያየሁ ወጣሁ። ከዚያ ያን ረቂቅ ያነበበውን ወጣት ባለሙያ ፈልጌ አገኘሁትና፣ ነገሩ የት ደረሰ ብዬ ጠየቅሁት። «የት ይደርሳል?» አለኝ። «በጭብጨባ ጣላችሁት እኮ።» ይቅርታ ልጠይቀው ነበር የሄድሁት፤ ሳልጠይቀው ተመለስሁ።

ልጄ ከጓደኞቿ ጋር አልተመረቀችም። ያ የሥራ ቦታ ያለ ጉብኝት አርባ ብላ ላስሞላች ለሌላ ልጅ ተሰጠ። እኔ ከፈረምሁላቸው አራቱ አንዱ አሁን በወፍጮ ቤቴ በር ሲያልፍ ሰላም አይለኝም፤ ወረቀቴ ስሙን ያጠፋበት መስሎታል። ልክ ነው፣ ያጠፋዋል። ሴትዮዋም ማሽላዋን ተሸክማ በደጄ ታልፋለች እንጂ አትገባም።

ልጄ ደሴ አክስቷ ቤት ገብታ፣ አንድ ሆስፒታል ውስጥ በሙያው ከሠለጠነች ሴት ሥር ልምምዱን ከመጀመሪያው ጀምራለች። ስትሄድ አልተሰናበተችኝም። ስልክ የምትደውለው ለእናቷ ነው፤ እናቷ ድምፁን ከፍ ታደርገዋለች፣ እኔ እንደማልሰማ ሆኜ እሰማለሁ። እዚያ የመጀመሪያውን ሳምንት ዝም ብላ እንድትቀመጥና ብቻ እንድታዳምጥ ታዝዛ ነበር። አንድም ቅጽ አልሰጧትም።

በቀደም ዕለት እናቷን «ምን ዓይነት ሰው ነው የሚመጣላቸው? ብለሽ ጠይቂያት» አልኋት።

«ስለ ባለጉዳይ ለማንም አይወራም በዪው» የሚል መልስ ከስልኩ ወጣ። «በተለይ ለእሱ።»

እናቷ ሳቀች። መልሱ ትክክል ነበር። ቢሆንም ስልኩን ዝጊው አልኋት።