እናቴ ድንቂቱ ትባላለች

ቅዱሳን፣ ጌታ የሠራልኝን ልነግራችሁ ካሰብኩ ሦስት እሑድ ሆነኝ። ማይክ ስይዝ ሁሉም ነገር ስለሚጠፋኝ ዛሬ ጽፌ መጣሁ። ስሙ ይባረክ!

ቤታችን ከአጋሮ ወጣ ብሎ ነው። አባቴ ሲሞት ቤቱንና የቡና ማሳውን ትቶልን ነበር። ታናሽ ወንድሙ ግን መሬት የወንድ ነው፣ አንቺ ወደ ዘመዶችሽ ሂጂ አላት እማዬን። እማዬ ትጸልያለች፤ እኔ ደግሞ እሷ ስትጸልይ ወጥቼ ደጅ እቀመጣለሁ። ጸሎት አጥር አይሆንም እላት ነበር። እንዲህ ነበርኩ፣ ወገኖቼ።

ነገሩ ቀበሌ ደረሰ። እማዬ የመሬት ደብተሩን ይዛ ቀረበች። ከአባቴ ስም ሥር «ድንቂቱ» ይላል፤ ፎቶዋን ግን እርጥበት በልቶታል። አጎቴ ተነሣና፣

«ድንቂቱ የምትባል ሴት በሰፈራችን የለችም። ይቺ ሃዳ ጫልቱ ናት» አለ።

የጫልቱ እናት ማለቱ ነው፤ ጫልቱ ደግሞ እኔ ነኝ። እኔ ከተወለድኩ ወዲህ በስሟ የጠራት ሰው የለም! የቀበሌው ሠራተኛ ጎረቤቶቻችንን አንድ በአንድ ጠየቃቸው። ይህን ስም አናውቅም አሉ። እየዋሹ እኮ አይደለም፤ ያስፈራኝም እሱ ነው። የእኔ ስም የእማዬን ስም ውጦ ቤታችንን ሊያስወስድብን ነው።

ያኔ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ጸለይኩ። የእማዬ አምላክ፣ ስሟን አንተ ታውቀዋለህ፣ እባክህ አንድ ሰው እንዲያስታውሰው አድርግ አልኩ። በቃ፣ አሜን እንኳን አላልኩም።

ጥግ ላይ የተቀመጡት ጎረቤታችን አባ ቢያ ጆሯቸው ይከብዳል። ምንድን ነው የምትሉት ብለው ጠየቁ። አጠገባቸው ያለው ሰው ስሙን ጮክ ብሎ ሲነግራቸው ሳቁ።

«ድንቂቱ? ወላሂ፣ በሰርጓ ቀን ያመጣቻት የእኔ በቅሎ ናት። ሴቶቹ ድንቂቱ፣ ድንቂቱ እያሉ ሲዘፍኑ ደንብራ ረገጠችኝ። ይኸው እስከ ዛሬ አነክሳለሁ፤ ይህን ስም እንዴት ልርሳ?» ወደ አጎቴም ዞሩ። «በቅሎዋን ስታሳድድ የዋልከውስ አንተ አይደለህም እንዴ?»

አጎቴ አንገቱን ደፋ። እሱም ግን ሳቁ አመለጠውና፣ አዎ፣ ነበርኩ አለ። ቃላቸው ተጻፈ፤ ቤቱም ማሳውም ጸናልን። ሃሌሉያ!

በዚያው ሳምንት እሑድ ከእማዬ ጋር ቤተ ክርስቲያን ገብቼ ሕይወቴን ለጌታ ሰጠሁ። አሁን አዲሱ ደብተር ወጥቷል፤ ፎቶዋ ላይ ጥርሷ ሁሉ ይታያል። አጎቴም ድንቂቱ ብሎ ነው ሰላም የሚላት።

ባሎቻችሁ ያረፉባችሁ እናቶቼ፣ ደጅ የተቀመጠችውን እኔን የሰማ ጌታ እናንተንም ይሰማል። በእርሱ ታመኑ። ደብተራችሁንም ከሣጥን አውጡና ስማችሁን ፈልጉ። ማንበብ ለሚያስቸግራችሁ፣ ፕሮግራሙ ሲያልቅ በሩ ጋ ነኝ፣ አነብላችኋለሁ። ስማችሁ ከሌለበት ደግሞ እንጸልይና ሰኞ ጠዋት አብረን ቀበሌ እንሄዳለን።