የሹምኒክን ዳር ከታች ወደ ላይ

ሹምኒክ ላይ የጎማ ጀልባ ማውረድ ያማረው ሰው መጀመሪያ ቪዶሳቫ ቤት ይሄዳል። ሹምኒክ ከሞይኮቫጽ ከተማ በላይ ያለ ጠባብ የተራራ ጅረት ነው። ጉልበት የሚኖረው በጸደይ፣ በረዶው በሚቀልጥበት ሰሞን ነው። ከዚያ ድንጋዩ አፍጥጦ ይቀርና እኛም እንደ ሌላው ሰው ወደ ትልቁ የታራ ወንዝ እንወርዳለን።

ቪዶሳቫ ጀልባ ላይ ወጥታ አታውቅም፤ ዋናም አትችልም። ከእንጨት መሰንጠቂያው ምግብ ቤት በጡረታ ከወጣች ወዲህ የአገሩን የመንሳፈፊያ ጃኬት በስፌት መኪናዋ ታድሳለች፤ ሚኒባስም ትነዳለች። ከላይ ታራግፈንና ከታች መውጫው ላይ ትቀበለናለች። ባሏ ራዶማን፣ ጉልበቱ ደክሞ ንብ ማነብ ሳይጀምር፣ ጀልባ መሪ ነበር። እሱን ቆማ መጠበቅ ሲሰለቻት የጅረቱን ዳር ይዛ ሽቅብ ትወጣና መንገድ ላይ ትገናኘው ነበር። በዚያው ልማድ ሆኖ ቀረ። አሁን ማንም ከመውረዱ በፊት በዋዜማው ጅረቱን ከመውጫው ጀምራ እስከ መነሻው በእግሯ ትወጣዋለች። ከላይ ሆነው ሲያዩት ውሃው የወደቀውን ግንድ ይሸፍነዋል፤ ከታች ሆነው ሲያዩት ግን ጉዱ ሁሉ ይታያል።

ያን ጸደይ የመውረዱ ሐሳብ የቮይን ነበር። ቮይን አበልጇ ነው፤ ልጁን ክርስትና ያነሳችለት እሷ ናት። በሹምኒክ ላይ እንደሱ ጀልባ የሚመራ የለም ነበር፤ በኋላ በረዶ አንሸራቶት የቀኝ ትከሻው ጅማት ተበጠሰና ቀዶ ጥገና ተደረገለት። ሁለት ክረምት ቤት ዋለ። ሐኪሙ «ቀስ ብለህ ሞክረው» ሲለው በቀጥታ የመጣው እኔ ጎማ የምጠግንበት ቤት ነው።

«ጎሚስታ፣ ጀልባዋን ለጥፍልኝ። ዘንድሮ ሹምኒክን ካልወረድኩ ውሃ የሚባል ነገር በቃኝ፤ ጀልባዋንም ሽጣት» አለኝ። ሲናገር ዓይኑን ከወለሉ አላነሳም፤ ቀልዱን እንዳልሆነ ገባኝ።

ቪዶሳቫ ማእድ ቤት ተሰበሰብን፤ እኔ፣ ቮይንና ዳቦ ቤት የሚሠሩት መንትዮች። መጠባበቂያ መቅዘፊያውን፣ መወርወሪያ ገመዱንና ፓምፑን ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ እያንዳንዱን በእጇ ፈተሸች። ከዚያ አቀማመጣችንን ነገረችን።

«ቮይን ከፊት፣ በቀኝ። እዚያ ቀኝ እጅህ ዝቅ ብላ ትቀዝፋለች፤ ትከሻህ አይነሳም።»

«ከኋላስ ማን ሊመራ ነው?»

«ጎሚስታው።»

«እሱ? እሱ እኮ ጀልባ ቀጥ አድርጎ የሚይዘው መሬት ላይ ሲሆን ነው!»

መንትዮቹ ሳቁብኝ። እኔም ሳቅሁ፤ ብዙም አልዋሸም።

ድልድዩ ሥር «ላሟ» የምንላት ድንጋይ አለች። ጀርባዋ ከታየ እንወርዳለን፤ ውሃ ከዋጣት ቤታችን እንገባለን። አባቶቻችን ግንድ ሲያወርዱም የሚያዩት እሷን ነበር። በዋዜማው ጠዋት ቮይን ድልድዩ ላይ ቆሞ ደወለልኝ። «ጀርባዋ ደርቋል! ንፋ ጀልባዋን!» እኔም ነፋሁ። ከሰዓት በኋላ ቪዶሳቫ ሱሪዋ እስከ ጉልበቷ ርሶ መጣች።

«ነገ ከላይ አትነሱም» አለች።

ቮይን ቆጣ አለ። «ላሟን አላየሻትም እንዴ?»

«አየኋት። ተኝታ የኖረችው ተነስታለች። የክረምቱ ጎርፍ ጠጠር ሥሯ ሞልቶ በጎኗ አቁሟታል። ጀርባዋ የሚታየው ለዚያ ነው እንጂ ውሃው አልቀነሰም።»

«ድንጋይ ደግሞ ይነሳል? አበልጄ፣ በግልጽ በይኛ! የፈራሽው ትከሻዬን ነው። ድንጋዩን ምን አደረገሽና ስሙን ታጠፊያለሽ?»

«ትከሻህንም ፈርቻለሁ፤ እሱ ሌላ ወሬ ነው። ጫማህን አድርግና ተከተለኝ።»

ሁላችንም ተከተልናት። ጠባቡ ገደል ውስጥ፣ ከመታጠፊያው በፊት፣ ሁልጊዜ ጀልባዋን አስጠግተን የምንወርድበትና ወደፊት ያለውን የምናይበት ጠፍጣፋ ድንጋይ አለ። ቪዶሳቫ ምርኩዟን ለቮይን ሰጠችው። «በል፣ ድንጋዩን ፈልግልኝ።» ምርኩዙን ሰደደው፤ ግማሹን ውሃ ውጦት ነው ድንጋዩን የነካው። ጀልባ ማቆሚያ የለም። መታጠፊያውን አልፈን ስናይ አንድ ትልቅ ግንድ ጅረቱን ከዳር እስከ ዳር ዘግቶ ተጋድሟል፤ ውሃው በሥሩ እየተምዘገዘገ ይገባል። እዚያ የገባ ጀልባ አይወጣም።

ከመንትዮቹ አንዱ አማተበ። ቮይን ባርኔጣውን አወለቀ። እኔ ልጆቼ ናቸው የታወሱኝ። ለአምላክም ለዚህች ሴት እርጥብ ሱሪም አመሰገንኩ፤ እስከ ዛሬም አመሰግናለሁ።

«እንግዲህ ዘንድሮም አመለጠኝ» አለ ቮይን ድምፁ ዝቅ ብሎ።

«ማን አለህ? ከግንዱ ዝቅ ብሎ ካለው ወፍጮ በታች ትነሳላችሁ። እዚያ ድረስ ሄጄ አይቼዋለሁ፤ ንጹህ ነው። ባለ እርሻውም ሚኒባሱን በመሬቱ ላሳልፍ ፈቅዶልኛል።»

«ከወፍጮው በታች እኮ የሕፃን ውሃ ነው!»

«ትከሻህስ? እሱም ገና ሁለት ዓመቱ አይደል?»

መንትዮቹ ፈነዱ። ቮይን ሊቆጣ ሞከረ፤ ከንፈሩ ግን አልታዘዘውም።

በማግሥቱ ከወፍጮው በታች ገባን። «የሕፃን ውሃ» ያለው ሰው የመጀመሪያው ሞገድ ፊቱን ሲያጥበው መቅዘፊያውን ጠበቅ አድርጎ ያዘ። እኔ ከኋላ «ወደፊት! ወደፊት!» እያልኩ እጮሃለሁ፣ እሱ እያዘዝኩት መሆኑን እንዳልሰማ ሆኖ ይታዘዛል። ውሃው በሚዘልበት በመጨረሻው ቦታ ላይ እጄ ዘገየና በጎን ድንጋይ መታን። ጀልባዋ በእሱ በኩል ተነሳች። ቮይን ጎንበስ ብሎ መቅዘፊያውን ሩቅ ሰደደና ባለ በሌለ ኃይሉ ወደራሱ ሳበ። ጮኸ። ጀልባዋ ተመልሳ ዘፍ አለች።

«አመመህ?» አልኩት።

«ያዘ!»

«ምኑ?»

«ትከሻው ነዋ፣ አንተ ደንቆሮ! ያዘ!»

ቪዶሳቫ መውጫው ላይ ዳቦና ካይማክ የሚባለውን የወተት ቅባት ይዛ ቆማለች። እያንዳንዳችንን በዓይኗ ቆጠረችና ዳቦውን ትቆርጥ ጀመር። በልተን ስናበቃ ጀልባዋን ሚኒባሱ ጣሪያ ላይ ጫንናት። ቮይን የማሰሪያውን ገመድ አነሳ፣ ቀኝ እጁን ከራሱ በላይ አድርሶ በጣሪያው ላይ ወረወረው። ሁለት ክረምት ሙሉ ያቺ እጅ ከመደርደሪያ ላይ ሲኒ አውርዳ አታውቅም። ቪዶሳቫ ገመዱን ከወዲያ ማዶ ቀለበችው። በየትኛው እጅ እንደተወረወረ አይታለች።

«እግዜር ይስጥልኝ፣ አበልጄ» አለ ከወዲህ በኩል። ከቮይን አፍ ምስጋና ስሰማ የመጀመሪያዬ ነበር።

እሷ በመስኮቶቹ አሻግራ አየችውና «በጣም ላልቷል። ሰብስበውና እንደገና ወርውረው» አለችው።

ገመዱ አልላላም ነበር። ቮይን ሰበሰበው፤ በዚያው እጁ እንደገና ወረወረው።