የመንግሥት ሳር የበላው በሬ

ለመስቀል እርድ ሁለት ቀን ሲቀረው በሬያችን የመንግሥት ንብረት ነው ተባለ።

በኢህአዴግ ጊዜ ነው፤ የድሮው ወረዳችን ለሁለት የተከፈለ ዓመት። ከወልቂጤ፣ ከዞን፣ ንብረት አካፋይ ኮሚቴ መጣ። ወንበር ተከፈለ፣ ሞተር ሳይክል ተከፈለ... ለአንድ መደርደሪያ ሳምንት ሙሉ ተጨቃጨቁ። እኛ ሠራተኞች ደግሞ አዋጥተን የገዛነው የቅርጫ በሬ ከቢሮው ጀርባ ታስሯል። ግማሻችን ወደ አዲሱ ወረዳ ተመድበናል።

ደስታ የሚባል ባልደረባችን እዚያ ሹመት አግኝቷል። በሬውን አየና «ይሄስ?» አለ።

«የኛው ነው እንጂ! አንተስ አዋጥተህ የለ እንዴ?» አልኩት።

«የመንግሥት ሳር በልቶ፣ የመንግሥት ጥበቃ እየጠበቀው? ይመዝገብ።»

የኮሚቴው ሰብሳቢ ጋሽ ሽፋ «እስኪጣራ ማንም እንዳይነካው» ብለው አረፉት።

መቀመጥ አቃተኝ። አባቴ ያረፈው በዚያው ክረምት ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ የመስቀል ሥጋ ይዤ የምገባው እኔ ነኝ፤ እናቴ አገና ያለው ቤታችን ቆጮና ቅቤዋን አሰናድታ ትጠብቃለች። ጉራጌ ቤት በመስቀል ባዶ እጅ መግባት... ተዉት። ከቢሮ ወደ በሬው፣ ከበሬው ወደ ቢሮ ስመላለስ ዋልኩ። እሱ ያመሰኳል፣ ምን ቸገረው።

በማግስቱም ስብሰባ። ደስታ «ለዞን በደብዳቤ ይጠየቅ» አለ። ደሜ ፈላ።

«መልሱ ሲመጣ እኮ መስቀል አልፎ ጥምቀት ይደርሳል» አልኩ።

ጋሽ ሽፋ ሰዓታቸውን አዩ። ለካ እሳቸውም ልጆቻቸው ከአዲስ አበባ መጥተው ጉብሬ ቤታቸው ገብተው እየጠበቋቸው ነው፤ እንደኔው ሲቁነጠነጡ ኖሯል።

«ስማ ደስታ፣ እኛ የመጣነው ንብረት ለሁለት ልንከፍል አይደል?»

«ነው ጋሼ።»

«በሉ ቢላዋ አምጡ።»

መጀመሪያ እጅጌውን የሰበሰበው ማን ቢሆን ጥሩ ነው? ደስታ! በሬው ታረደ፣ ለሁለት ተከፈለ፣ ከዚያ ለየሰዉ ተመደበ። ደስታ ድርሻውን አንጠልጥሎ «እንኳን አደረሰህ» ብሎ አቀፈኝና ሄደ። ልቆጣው ፈልጌ ሳቄ መጣ።

በመጨረሻው ሚኒባስ፣ ሥጋውን እግሬ ሥር አድርጌ አገና ገባሁ። እናቴ በር ላይ ቆማ ነበር። ሥጋውን ተቀበለችኝ።

«ልክ አባትህ በሚገባበት ሰዓት ገባህ» አለች።

ከዚያ ወዲህ ስንት ነገር ሲከፈል አየሁ... ሁሉም ድርሻውን ይዞ እየሳቀ የሄደው ግን የዚያ በሬ ቀን ብቻ ነው።