ወተት ሳልቀምስ ከፍ ያደረግኳት ፒክአፕ

ከደብረ ታቦር የተነሣሁት ጎሕ ሲቀድ ነው። እናቴ በሶ ቋጥራ አውቶቡሱ ድረስ ሸኘችኝ። «አጎትህ ስላለ አልሰጋም» አለችኝ። አጎቴ ነገሌ ጦር ሰፈር አሥር አለቃ ነው። እኔም ጋራዥ ውስጥ ሦስት ዓመት ዘይት የተቀባሁ፣ መካኒክ ነኝ ባይ ነበርኩ።

ክብረ መንግሥትን ካለፍን በኋላ ሙቀቱ ጋቢዬን አስወለቀኝ። ነገሌ እንደደረስኩ በቀጥታ ወደ ሰፈሩ በር ሄድኩ።

«አሥር አለቃ ወደ ዶሎ ተዛውረዋል» አለኝ ዘበኛው።

«መቼ?»

«ትናንት።»

«እኔስ?»

«አንተን የሚያዛውር ደብዳቤ አልደረሰንም።»

ማደሪያ የሰጡኝ አዴ ሎኮ ናቸው፤ አዴ እንደ እኛ እማማ ነው፤ የቦረና ሴት፣ የነጋዴ ሚስት የነበሩ። ባላቸው ሲሞቱ አንዲት ፒክአፕ ትተውላቸዋል። ወንድማቸው ጃርሶ ይነዳታል፤ ከየመንደሩ ወተት ጮጮ በሚሉት የወተት ዕቃ ሰብስቦ ለመኮንኖቹ ሚስቶች ያደርሳል። ኪራዩን ስጠይቃቸው እንዲህ አሉኝ፦

«መኪና ከፍ አድርግ። ሆዷ መሬት ይልሳል። ካልቻልክ ክፍሉን ልቀቅ፣ ፍየል አገባበታለሁ።»

እውነታቸውን ነው። የጦሩ ካሚዮኖች በዝናብ የቆፈሩት መንገድ ለትንሽ መኪና ገደል ነው፤ ሆዷ መሃሉን እያረሰ ትሄዳለች። እኔ ደግሞ መሄጃ የለኝም። «ከካሚዮን የበለጠ ጠንካራ አደርግልዎታለሁ!» አልኳቸው። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው።

ባሌስትራ የሚባሉት መኪናውን የሚሸከሙ፣ እንደ ደጋን ጎብጠው የተደራረቡ ብረቶች ናቸው። ከወደቀ ካሚዮን ወፋፍራሙን ፈትቼ ጨመርኩባቸው። ፒክአፗ እንደ ሰጎን ብድግ አለች። ጃርሶ እየሣቀ መሰላል ጠየቀኝ።

በማግስቱ ፒክአፗ ከመንደር ስትመለስ አዴ ሎኮ ጮጮውን ያዙና «ቅመስ» አሉኝ። ወሩ ግን ዓቢይ ጾም ነው። ጾመኛ ሰው ቆላ መምጣት የለበትም፤ እዚህ ሻዩ ወተት፣ ገንፎው ቅቤ፣ ሰላምታው እንኳ ወተት ነው።

«ጾም ነኝ፣ አዴ። መኪናዋ ግን ደህና ናት።»

ፊታቸው ጠቆረ። ወተታቸውን መግፋት እሳቸውን መግፋት መሆኑን ማን በነገረኝ! ክዳኑን ገጥመው ወደ ሰፈሩ ላኩት።

ከቀትር በፊት ጮጮዎቹ ሁሉ ተመለሱ። ወተቱ መንገድ ለመንገድ ተንጦ ቅቤ ጥሏል።

«ያ ዋቃ! አምላኬ! ቅቤ ለመናጥ መኪና ምን ያደርግልኛል? ወተቴን ያልቀመሰ ሰው ስለ መኪናዬ ምን ያውቃል?» አሉኝ። «ለፋሲካ ካልተስተካከለ ውጣ።»

አፈርኩ። በማግስቱ ከጮጮዎቹ ጋር ኋላ ተጫንኩ፤ ጥርሴ እርስ በርሱ እየተጋጨ፣ አንጀቴ ቦታውን እየለቀቀ ተመለስኩ። እኔ የጨመርኩት ብረት ለካሚዮን ጭነት የተሠራ ነው፤ ለወተት መታጠፍ እንኳ አያውቅም። አወጣሁት። የራሷን ለስላሳ ባሌስትራ መልሼ፣ በእሱና ጎማዎቹን በሚይዘው አግዳሚ ብረት መሃል ጠንካራ ብረት ሸጎጥኩ፤ ማሰሪያ ቡሎኖቹንም በረጃጅሞች ለወጥኩ። ቁመቷ እንዳለ ሆነ፣ ዝላይዋ ሄደ። ቢያንስ እንደዚያ ተስፋ አደረግኩ።

የፋሲካ ጠዋት አዴ ሎኮ ፒክአፗ ያመጣችውን ጮጮ ይዘው ደጄ ላይ ቆሙ። «ናጋ ቡልቴ? ደህና አደርክ? ዛሬስ ጾም ነህ?»

ጠጣሁ። ጮጮውን በጭስ ስለሚያጥኑት ወተቱ ጭስ ጭስ ይላል። የእኛ አገር ወተት ናፈቀኝ፣ ዓይኔም እንባ አቀረረ። የቅቤ ፍርፋሪ ግን አላገኘሁበትም። ሁለተኛውን ኩባያ እስከ ጠብታው ጨረስኩት።

«አሁን ስለ መኪና ተናገር» አሉኝ።

«ደህና ናት።»

«አሁን አመንኩ። ፍየሎቹ ውጭ ይደሩ።»

በሳምንቱ ቴሌ ቢሮ ከእናቴ ጋር የስልክ ቀጠሮ ነበረኝ። አዴ ሎኮና ጃርሶም «እናትህን ሰላም እንበል» ብለው ተከተሉኝ። መስመሩ ስለሚያንሾካሹክ እየጮህኩ ነው የማወራው፤ ተራ ጠባቂው ሁሉ ይሰማል።

«ጾሙን በምን ገደፍክ ልጄ?»

በዶሮ ልል ነበር። አዴ ሎኮ ከኋላዬ ቆመዋል። «በወተት» አልኩ።

«ዶሮም አልሠሩልህ? አጎትህ የት ሄዶ?»

«ዶሎ ተዛውሯል፣ እማ። ሳልደርስበት ነው የሄደው።»

«ታዲያ እዚያ ማን አለህ?»

ዞር ብዬ አየኋቸው። አዴ ሎኮ ቶሎ ስጠኝ ብለው እጃቸውን ወደ ስልኩ ዘርግተዋል።

«ሰው አለኝ» አልኳት።

እናቴ አለቀሰች። ደስ ብሏት ይሁን ወይስ እንደማልመለስ ገብቷት፣ ሳልጠይቃት መስመሩ ተቋረጠ።