ቀጭኑ ዳዮድና የጎረቤቴ ምራት

ቡራዩ ውስጥ የኤሌክትሪክ ዕቃ የምጠግንባት ጠባብ ሱቅ አለችኝ። አንድ ጠዋት፣ ሰበታ ፋብሪካ ሲሠሩ ኖረው ጡረታ የወጡት ሴት ጎረቤቴ ብቅ አሉ።

«አካም ቡልቴ፣ እንዴት አደርክ ልጄ፤ ይቺ ነገር ታቃስታለች» ብለው ከፌስታል ውስጥ የቆርቆሮ ሣጥን አወጡ። የጫጩት መፈልፈያ ማሽናቸው ኃይል የሚያገኝባት ናት።

ከፈትኳት። ከግድግዳ የሚመጣው ኤሌክትሪክ ወዲያና ወዲህ ይመላለሳል፤ የማሽኑ ማራገቢያና ሙቀት መቆጣጠሪያ ግን በአንድ አቅጣጫ የሚሄድ ነው የሚፈልጉት። ዳዮድ በአንድ በኩል ያሳልፋል፣ በሌላው ይዘጋል፤ አራት ሆነው ሲገጠሙ የሚመላለሰውን ወደ አንድ መንገድ ያመጡታል። ከአራቱ አንዱ ተቃጥሎ ስለነበር ግማሹ ኃይል እየቀረ ማራገቢያው ያቃስታል።

ወፍራሙ ዳዮድ አልቆብኝ ነበር። መርካቶ መውረድ ሰለቸኝና ከአሮጌ ራዲዮ ላይ ቀጭኑን ነቅዬ በየድኩት። ያን ያህል ኃይል እንደማይሸከም አውቃለሁ። «ለጊዜው ይይዛል» አልኩ ለራሴ። ለእሳቸው ግን አልነገርኳቸውም።

እንቁላሎቹ ሊፈለፈሉ ሦስት ቀን ሲቀራቸው ሣጥኗን ይዘው ተመለሱ።

«ማሽኑ ቀጥ አለ፤ ሁሉም ቀዝቅዘው ሞቱ። ባትሪ አብርቼ ሳያቸው እንቁላሉ ውስጥ ሲንቀሳቀሱ ነበር እኮ!»

ቀጭኑ ዳዮድ ከስሎ፣ ፊውዙን ይዞት ሄዷል። አንገቴን ደፋሁ።

«ከዚሁ ሶኬት ላይ ካውያ ሰክታችሁ ነበር?» አልኳቸው።

«እኔ እንጃ፤ ምራቴ ልብስ ትተኩሳለች።»

«እንግዲህ እሱ ኃይል ስቦ አቃጥሎት ይሆናል።»

አራቱንም በወፍራም ቀይሬ ሰጠኋቸው። አመስግነውኝ ሄዱ።

ከሳምንታት በኋላ ምራታቸው በሱቄ በር ማለፏን እንደተወች ልብ ብዬ ጠየቅኋቸው።

«ተፍኪ ከተማ፣ እናቷ ጋ ሄደች። ‹ካውያ አልሰካሁም› ብላ ማለች። እኔ ደግሞ ‹ታዲያ ባለሙያው ዋሽቶ ነው?› አልኳት። በዚያው ተኳረፍን።»

ያን ቀን እውነቱን ሳልነግራቸው ሸኘኋቸው። እሑድ ቤታቸው ሄድኩ።

«እናቴ፣ ምራትዎ እውነቷን ነው። ማሽኑን ያበላሸው እኔ የገጠምኩት ደካማ ዳዮድ ነው። እያወቅኩ ነው የዋሸሁት።»

«ያኔውኑ ብትነግረኝ እኮ ሌላ እንቁላል እጨምር ነበር» አሉ። «ሰው ግን ከየት ይጨመራል? ተነስ፣ ተፍኪ እንሄዳለን።»

በሚኒባስ ሄድን። ተፍኪ ስንደርስ ምራታቸው በር ላይ ቆመች። የሆነውን ሁሉ ነገርኳት። እኔን አላየችኝም፤ ዓይኗ አማቷ ላይ ነበር።

«ሦስት ጊዜ ምዬልዎት ነበር።»

«ምለሽልኝ ነበር፤ እኔ አጠፋሁ» ብለው ትከሻዋ ላይ ተደፉ። ሁለቱም አለቀሱ። እኔ ግቢው ውስጥ የት እንደምቆም ጠፋኝ።

በዚያው ሳምንት ተመለሰች። መንገድ ላይ ስንገናኝ ሰላም ትለኛለች፣ ቆም ግን አትልም። እሳቸው አሁንም ዕቃ ያመጡልኛል። ብቻ ከፍቼ የተበላሸውን እስካሳያቸው፣ የምተካውንም በእጃቸው ይዘው እስኪያዩት ድረስ ከወንበሩ አይነሱም። ያን ጊዜ ቀና ብዬ ፊታቸውን ማየት ያቅተኛል።