በሁዳዴ ጨፍሪ ያሏት ልጄ

ልጄ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ጃኬቷን እንኳ ሳታወልቅ ነበር የነገረችኝ። ፌብሯሪ የጥቁሮች ታሪክ ወር ስለሆነ፣ በመጨረሻው ትምህርት ቤቱ አዳራሽ ውስጥ በዓል አለ፤ መምህሯ የባህል ልብስ ለብሳ እስክስታ እንድታሳይ መርጣታለች። የአስረኛ ክፍል ተማሪ ነበረች። ያን ዓመት ጾሙ ቀደም ብሎ ስለገባ እኔ ጎመን እየከተፍኩ ነበር።

«በሁዳዴ?» አልኳት። «ቤተ ክርስቲያን እንኳ ከበሮ ዝም በሚልበት ጊዜ አንቺ ትከሻሽን ልትሰብቂ?»

«እኔ መች ልጨፍር አልኩ፣ ማሚ? ስፒች ነው ማድረግ የምፈልገው።»

ጭፈራው ከቀረ ብዬ ደስ አለኝ። ስለ ምን እንደምትናገር አልጠየቅኳትም።

ቶርንክሊፍ ፓርክ በሚባለው የስደተኞች ሰፈር፣ ፎቅ ላይ ነበር የምንኖረው። በማግስቱ ሊፍት ውስጥ ያገኘኋትን አፍጋኒስታናዊት ጎረቤቴን ልጄ በበዓሉ ልትናገር ነው አልኳት፤ ትንሽ ጉራ ሳይኖርበት አልቀረም። «የእኛስ ልጆች ወር መቼ ነው?» አለችኝ ፊቷን ቅጭም አድርጋ። እኔ መች ነገር አሳልፋለሁ፤ «ወር አዳይዋ እኔ ነኝ እንዴ?» ብያት ወረድኩ። አውቶቡስ ስጠብቅ ግን ጥያቄዋ ይከነክነኝ ጀመር። ለአንዱ ሰጥቶ ሌላውን መንሳት ፍርድ ነው? ለሁሉም ይሰጥ ቢባልስ ወሩ ከየት ይመጣል? የሰው ልጅ ዓመቱን ሙሉ እንግዳ ሆኖ ከርሞ በአንዷ ወር ና ጨፍር መባሉስ ምን የሚሉት ክብር ነው?

እሑድ ከቅዳሴ መልስ ምሳ ላይ ነገሩ ባለቤቴ ጆሮ ገባ። ታክሲ ነው የሚነዳው፤ ቀኑን ሙሉ የተሳፋሪ ወሬ ስለሚሰማ ቤት ሲገባ ክርክር አይወድም።

«ይሄ ወር የኛ አይደለም» አለ ቁርጥ አድርጎ። «በባርነት የተሸጡት ሰዎች ልጆች ወር ነው፤ አከብረዋለሁ። እኛ የራሳችን ታሪክ አለን። ሀበሻ ነኝ በያቸውና ይተዉሽ።»

«ዳዲ፣ ሱቅ ውስጥ ሴኩሪቲው ሲከተለኝ ሀበሻ ነሽ ወይ ብሎ አይጠይቀኝም።»

ባለቤቴ ማኘኩን አቆመ። እኔም ይህን ገና መስማቴ ነበር።

«መቼ ነው የተከተለሽ?»

«ኦልዌይስ። ጓደኞቼን አይደለም፣ እኔን።»

«ምን ነክተሽ ነው?»

ምናለ ይህን ባይል ኖሮ። ልጄ ተነስታ ክፍሏ ገባችና በሩን ቆለፈች።

«ተከተሉኝ አለች እንጂ ሰረቅኩ መች አለችህ?» ብዬ ተነሳሁበት።

«አዳራሽ ሙሉ ሰው ፊት ቆማ ሌባ ነሽ ይሉኛል ልትል ነው? ገበናችንን ለፈረንጅ?»

«ገበናው የነሱ ነው፤ እኛ ምን ቤት ነን?»

ያን ሳምንት ሦስታችንም በየፊናችን በላን። መምህሯ ስልክ ደውላ ንግግሩን እንደፈቀደች ነገረችኝ፤ ወሩ የደስታ ስለሆነ ግን ቀለል ያለ ነገር ይሁን አለች። «እሺ» ብዬ ዘጋሁና ብቻዬን በገንኩ። ሰው ቤት ጠርቶ ይህን ብቻ አውሩ ይባላል? ለልጄም መልእክቱን አላደረስኩላት።

የበዓሉ ቀን ብቻዬን ሄድኩ። ልጄ መድረክ ላይ ስትወጣ ዘወር ስል ባለቤቴ ኮቱን እንደለበሰ በሩ ላይ ቆሟል። ሊያስወርዳት የመጣ መሰለኝ።

እሷ ወረቀት አልያዘችም። «ጾም ላይ ስለሆንኩ አልጨፍርላችሁም» አለች በእንግሊዝኛዋ። አንዳንዶቹ ሳቁ። «በፌብሯሪ ታጨበጭቡልኛላችሁ። በማርች ሱቅ ስገባ ደግሞ ኪሴን ታያላችሁ። አንዱን ምረጪ ብትሉኝ ኪሴን የማታዩበትን ማርች ነው የምወስደው። ፌብሯሪን መልሼላችኋለሁ።»

መምህሯ ፈጠን ብላ አጨበጨበችና ቀጣዮቹን ጨፋሪዎች ጠራች። ከፊቴ የተቀመጠ ሰውዬ «ለበዓል ይሄ ምን ያደርጋል?» ሲል ሰማሁት። ጀርባውን በጡጫ ማለት አማረኝ። ወደ በሩ ስዞር ባለቤቴ የለም።

ደጅ ታክሲው ውስጥ፣ ሞተሩን አስነስቶ አገኘነው። ገባን። ወደ ቤት የሚያስገባውን መታጠፊያ ሲያልፈው ልጄ በመስታወቱ አየችው።

«ጫማሽ በረዶ ያስገባል» አላት።

ሰፈራችን ካለው የገበያ አዳራሽ ጫማ ቤት ስንደርስ ልጄን ቀድማ እንድትገባ አድርጎ እኔን ክንዴን ያዝ አድርጎ አስቀረኝ። ከደጅ ሆነን አየን። ጠባቂው ከገንዘብ መቀበያው አጠገብ ተነስቶ ከኋላዋ ሄደ። ስትቆም ቆመ፤ ስትራመድ ተራመደ። ሌሎች ልጆችም ነበሩ፤ ዞር ብሎ አላያቸውም። ልጄ ሁለት እጇን ከኪሷ አውጥታ ሰው በሚያያቸው ቦታ አንጠልጥላ ነበር የምትሄደው። ማን እንዳስተማራት አላውቅም፤ እኛ አላስተማርናትም።

ባለቤቴ ፊቱ አመድ መሰለ። ይጮኻል ብዬ ፈራሁ፤ አልጮኸም። ገብቶ በልጃችንና በጠባቂው መካከል ቆመ። ከዚያ ወንበር ስቦ እዚያው ተቀመጠ፤ ኮቱንም አውልቆ ጭኑ ላይ አደረገ።

«ምረጪ፣ የኔ ልጅ» አላት በአማርኛ። «የፈለግሽውን ሁሉ ንኪ። አንቸኩልም።»