ጓሮ ያወራነው

ጭንቀትና ድባቴ የያዘውን ሰው እንዴት እንደምናነጋግር ደብረ ታቦር ጠርተው ሲያሠለጥኑን፣ የመጀመሪያው ትእዛዝ «ለብቻ አነጋግሩ» የሚል ነበር። አሠልጣኞቹ የገጠር ቤት ገብተው የሚያውቁ አልመሰለኝም። እኛ ቀበሌ የከፋው ሰው ብቻውን አይተውም። ጎረቤት ይሞላበታል፣ ሲጠየቅም ሌላው ይመልስለታል። እኔ ደግሞ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ነኝ፤ ሰዉ የሚያውቀኝ በክትባትና በሽንት ቤት ቁጥጥር ነው።

አንድ ገበሬ ሕፃን ልጃቸው ከሞተች ወዲህ ሚስቱ እህል አልቀምስ ማለቷን ነግሮኝ ቤቱ ሄድኩ። አማቷ፣ የባሏ እናት፣ አጠገቧ ተቀምጠዋል። እንቅልፍ ይወስድሻል ወይ ብዬ ስጠይቃት እሳቸው መለሱ። ታለቅሻለሽ ወይ ስላትም እሳቸው መለሱ፤ ክርስትና ለተነሣች ሕፃን ብዙ አይለቀስም፣ ከልክለናታል አሉኝ። ክፋት የለባቸውም። እኔ ግን ተናደድኩ፤ በንዴቴም ሽንት ቤታችሁን ልይ፣ እሷ ታሳየኝ አልኩ። እዚያ ማንም አይከተልም።

ጓሮ፣ ከገብሱ ክምር ጀርባ ቆምን። እንደተማርኩት አላጣደፍኳትም። ቆይታ ጡቷ አሁንም ወተት እንደሚያጋት ነገረችኝና አለቀሰች። ከዚያ በኋላ በየሳምንቱ እየሄድኩ ያንን ሽንት ቤት «ተቆጣጠርኩ»። ሰፈሩ ሳቀብኝ። እሷ ግን የልጇን ስም መጥራት ጀመረች፤ አንድ ቀን እንዲያውም ቆሎ ስትቆረጥም አገኘኋት። ደስ አለኝ፣ አልዋሽም።

ታኅሣሥ ላይ፣ ውሃ ልትቀዳ ስትወርድ ገደሉ አፋፍ ላይ ቆማ እንደቆየች ነገረችኝ። ነገም እሄዳለሁ አለች፣ ስለ ገበያ እንደሚያወራ ሰው ረጋ ብላ። እንዲህ ያለ ነገር ከሰማሁ ለቤተሰብ መናገርና ሆስፒታል መውሰድ ግዴታዬ ነው። እንደምናገር ነገርኳት። እጄን ይዛ ለመነችኝ። ተናገርኩ።

ከተማ ወሰድናት፤ መድኃኒት ተሰጣትና ተመለሰች። አማቷም ጥበቃቸውን ጀመሩ። ውሃ ለመቅዳት መውረዷ ቀረ። ማታ አንድ መደብ ላይ አብረው ይተኛሉ፤ ጓሮ ስትወጣ የነጠላዋን ጫፍ ይዘው ይከተሏታል። እኔም የለመንኳቸው ይህንኑ ነበር።

ሌላ ቀን ቤታቸው ተመልሼ ስሄድ ሽንት ቤቱን ልይ አልኩ። ሦስታችንም ወጣን። ትንሽ ዞር ይበሉልን ብዬ አማቷን ተማጸንኳቸው።

«ልጄ፣ ከአጠገቧ አይለዩ ያልሽኝ አንቺው አይደለሽም ወይ?» አሉኝ።

እውነታቸውን ነው። እሷን እንዴት ነሽ አልኳት፤ ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን አለች። አማቷ ዳነችልን ብለው መረቁኝ። ልሰናበት ስል ግን ጠጋ አለችኝ።

«እንደፈለግሽው ተርፌያለሁ» አለች። «አሁን ለማን ልናገር?»

«እኔ እያለሁልሽ?» አሉ አማቷ፤ እንባዋንም ገና ሳይወርድ በነጠላቸው ጠረጉላት።